ጀልባ ውኃ ሲያስገባ ምንጩን የማግኛ ዘዴ

በመዝናኛ ጀልባችሁ ወለል ሥር ውኃ ሲጠራቀም፣ ማሸጊያ ለመቀባት ከመቸኮላችሁ በፊት መግቢያውን በእርግጠኝነት ለዩ፤ ውኃው የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለምና። በመጀመሪያ የጀልባውን ሆድ በጨርቅ ፈጽማችሁ አድርቁ፤ ከዚያም በምትጠረጥሯቸው ቦታዎች ዙሪያ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱ። ጀልባው ውኃ ላይ ሲውል እርጥበቱ በዱቄቱ ላይ የሚተወው መስመር ወደ ምንጩ ይመራችኋል። ጀልባው በተጎታች ላይ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ጥቂት ውኃ ጨምሮ ከውጭ የሚንጠባጠብበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ተጎታቹ ከሚችለው በላይ እንዳይጫን መጠንቀቅ ያሻል።

በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ መፈተሽ ያለባቸው የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳው ቡሽ ከነጎማው፣ ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖችና የቱቦ ማሰሪያዎች ናቸው። የሚያስገባው ብሎን ከሆነ ከላይ መቀባት ፈጽሞ አይበቃም፤ ጀልባው ከውኃ ከወጣ በኋላ ብሎኑን ነቅላችሁ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቁ፣ ቀዳዳውን አድርቁ፣ ውኃ ውስጥ ለሚጠልቅ የጀልባ አካል በተሠራ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያም መልሳችሁ እሰሩት። ተራ ሲሊኮን ግን አትጠቀሙ፤ የሚተወው ቅሪት በኋላ ሌላ ማሸጊያ በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።