ሌላ ማሽን ላይ ያለ ጌማችሁን ብዙ ወደተሸጠ ኮንሶል ከመገልበጣችሁ በፊት ምን ትለካላችሁ?

ኒንቴንዶ ዊ በ2006 ወጥቶ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከኤክስቦክስ 360ም ከፕሌይስቴሽን 3ም ይበልጣል። ሆኖም የውጭ ስቱዲዮዎች ለሁለቱ ከሠሯቸው ትልልቅ ጌሞች ብዙዎቹ ዊ ላይ ጭራሽ አልደረሱም። የሽያጭ ቁጥር ማሽኑ ስንት ቤት እንደገባ ይነግራችኋል፤ የእናንተ ጌም ማሽኑ ውስጥ ይግባ አይግባ፣ ቢገባስ የሚገዛው ይኑር አይኑር ግን አይነግራችሁም። ሁለቱንም አንድ መስመር ኮድ ሳትነኩ በፊት መገመት ይቻላል። ዊን ለምሳሌ የወሰድነው ችግሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚታዩበት ነው።

ከሜሞሪ ጀምሩ። ዊ ያለው 24 ሲደመር 64፣ በድምሩ 88 ሜጋባይት ነው። ኤክስቦክስ 360 512 ነበረው። ጌማችሁን አሁን በሚሠራበት ማሽን ላይ ክፈቱና በጣም የሚከብደውን ትዕይንት አጫውቱ፤ መዝግባችሁ የምትይዙት አማካዩን ሳይሆን ከፍተኛውን ቁጥር ነው። ከዚያ ቴክስቸሩን (ቅርጾች ላይ የሚለጠፈውን ምስል)፣ ሞዴሉን፣ አኒሜሽኑን፣ ድምፁንና ኮዱን ለየብቻ ቁጠሩ። 1,024 በ1,024 ፒክሰል የሆነ ባለ 32 ቢት ቴክስቸር ሳይጨመቅ 4 ሜጋባይት ይይዛል፤ በፒክሰል 4 ቢት ሲጨመቅ ግማሽ ሜጋባይት ይሆናል። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «እንጨምቀዋለን» ብሎ ያቅዳል፣ ግን ቴክስቸሩ በመጀመሪያው ማሽን ላይም ተጨምቆ ነበር፤ የሚተርፍ ቦታ የለም። የቀረው መንገድ መጠኑን መቀነስ ነው። ጎንና ጎኑን በግማሽ ብትቀንሱ ቦታው ወደ ሩብ ይወርዳል። አኒሜሽንና ድምፅ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዙም። ስለዚህ ካርታውን በበር እየከፋፈሉ መጫን ይመጣል፤ ያኔ ሩቅ ያለው ገጸ ባሕሪ ሁልጊዜ ሜሞሪ ውስጥ አለ ብለው የተጻፉት የተልእኮ ስክሪፕቶች መሰበር ይጀምራሉ። ለጥገናው የሚሄደው ጊዜ ቴክስቸር ለመቀነስ ከሚሄደው ይበዛል፤ በእቅዳችሁ ውስጥ ለብቻው አስቀምጡት። ከጣሪያውም አሥር በመቶ ያህል ባዶ ተዉ፣ ሜሞሪው በጨዋታ መሐል እየተቆራረጠ ስለሚሄድ።

ቀጥሎ የግራፊክስ ቺፑ እንዴት እንደሚያስብ እዩ። ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ኤክስቦክስ 360 እና ፕሌይስቴሽን 3 በፕሮግራም የሚጻፍ ሼደር (የፒክሰሉን ቀለምና ብርሃን የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም) ነበራቸው። ዊ የለውም፤ እስከ 16 ደረጃ ብቻ የሚደረደር ቋሚ የቀለም ማቀላቀያ ነው ያለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሼደር አይተረጎምም፤ ከዜሮ በሌላ ዘዴ ይሠራል። ጌማችሁ ውስጥ ስንት የተለያዩ ሼደሮች እንዳሉ ቁጠሩና እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደሚወስድ ገምቱ። የምስል ማሳያ ቋቱም ጠባብ ነው፦ 640 በ528 ፒክሰል፣ ለቀለም 24 ቢት፣ ለጥልቀት 24 ቢት፤ ሲባዛ 2,027,520 ባይት ይመጣል፤ ያለው 2 ሜጋባይት ቋት በዚያ አለቀ። ቀለምን በሰፊ ክልል አስልቶ በኋላ የሚያስተካክል ጌም እዚህ ቦታ አያገኝም።

ኮንትሮለሩን ወረቀት ላይ አስፍሩት። በግራ ዓምድ የጌማችሁን ትእዛዞች፣ በቀኝ ዓምድ ያሉትን ቁልፎች ጻፉ። የዊ ሪሞት ከኑንቻክ (በገመድ ከሚያያዘው ሁለተኛ እጀታ) ጋር አንድ አናሎግ ስቲክ ብቻ አለው፤ ካሜራውን በሁለተኛ ስቲክ የሚያዞር ጌም ወዲያው ይቸገራል። «በእጅ እንቅስቃሴ እናዞረዋለን» የሚለው መፍትሔም ወሰን አለው። ሪሞቱ ውስጥ ያለው የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ወደላይና ወደታች ማጋደልን ከስበት አቅጣጫ ያውቃል። አግድም እንደያዛችሁት ወደ ግራና ቀኝ ብታዞሩት ግን ስበት ስለማይለወጥ መዞሩን አያውቅም። ያንን የሚያየው ሪሞቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያመለክት በኢንፍራሬድ ካሜራው ብቻ ነው። ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ መሣሪያ) የጨመረው ሞሽንፕላስ የተባለ ተቀጥላ በ2009 መጣ፤ መጀመሪያ ለብቻው ስለተሸጠ ሁሉም ተጫዋች ነበረው ብሎ መነሳት አይቻልም ነበር።

የማከማቻ ወሰንን በአንድ ስብሰባ መጨረስ ይቻላል፣ ግን አትዝለሉት። በዊዌር፣ ማለትም ለዊ በኢንተርኔት በሚወርድበት አገልግሎት፣ የሚሸጥ ጌም ከ40 ሜጋባይት ማለፍ አይችልም ነበር። ቀደም ብሎም የኒንቴንዶ 64 ካርትሪጅ ትልቁ 64 ሜጋባይት ሲሆን አንድ ሲዲ ወደ 650 ይይዛል፤ ፋይናል ፋንታሲ 7 በ1997 በሦስት ሲዲ ፕሌይስቴሽን ላይ የወጣው በዚህ ልዩነት ውስጥ ሆኖ ነው። በኒንቴንዶ ስዊች ዘመንም የጌሙ ካርድ ሲተልቅ ወጪው ይጨምራል፤ ዊቸር 3 በ2019 ስዊች ላይ የገባው በ32 ጊጋባይት ካርድ ነው።

አሁን ገዢውን እዩ። የኮንሶሉን ከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር አውጡና ኮንሶሉን የሠራው ኩባንያ ራሱ ያሳተማቸውን አጥፉ። የቀሩትን አንድ በአንድ መርምሩ፦ ከሌላ ማሽን የተገለበጡ ናቸው ወይስ ለዚህ ማሽን ታስበው የተሠሩ? ዊ ላይ ማሪዮ ካርት ብቻውን ከ37 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ የውጭ ጌሞችን ከፍ ያደረገው መንገድ እንደ ዳንስ ጌሙ ጀስት ዳንስ ያለው ነው። ዩቢሶፍት በ2009 ጀምሮት ሪሞቱን የያዘውን እጅ ራሱን ጨዋታ አደረገው፤ በ2019 እንኳ የዊ እትም ነበረው። ዝርዝራችሁ ውስጥ የተገለበጠ ጌም ካልቀረ፣ የእናንተም ግልባጭ የተለየ ዕድል ይገጥመዋል ብላችሁ በጀት አትመድቡ።

አምስቱም መለኪያ ካለፈ ሙሉውን ጌም አትጀምሩ። በጣም የሚከብደውን ያንኑ ትዕይንት ብቻ ለሁለት ባለሙያዎች ስጡና በእውነተኛው የገንቢ ማሽን ላይ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያስኬዱት ጠይቁ። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ ለአንዱ ፍሬም ያለው 33.3 ሚሊሰከንድ ነው። በወሩ መጨረሻ 45 ሚሊሰከንድ ላይ ከቆመ ብዙ ጊዜ በማሻሻል ይወርዳል። 90 ላይ ከቆመ ግን ትዕይንቱ ራሱ መቀየር አለበት፤ ያ ማለት ሌላ ጌም ነው፣ በሌላ በጀት።

ኒንቴንዶ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የሚያደርገው ፍተሻ ሎትቼክ ይባላል፤ እሱንም ከመጀመሪያው ሳምንት አስቡት። የሪሞቱ ባትሪ በጨዋታ መሐል ሲያልቅ፣ ሆም ቁልፍ በመጫኛ ስክሪን ላይ ሲነካ፣ ማስቀመጫው ሞልቶ ሴቭ ሲደረግ ምን ይሆናል? እነዚህን መጨረሻ ላይ የሚሞክር ቡድን ይወድቃል፤ አስተካክሎ ሲልክም ተራውን እንደገና ይጠብቃል፣ የመውጫው ቀንም አብሮ ይገፋል።