«ኬሚካል ይግባበት» ሲሉዎት፦ ከውጭ ሆኖ ቤት ለሚያሠራ

ሶሌታ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ አርማታው ውስጥ ኬሚካል ይግባበት እያሉ ነው። ገንዘብ ላክልን።» ውጭ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መበላቱን ነው። አይፈረድበትም። ኬሚካሉ ግን የእውነት አለ፤ ባለሙያዎቹ አድሚክስቸር ይሉታል። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት «ለምን ሥራ?» ብለው ነው።

ነገሩ ከውሃ ይጀምራል። ሠራተኛው አርማታው እንዲላላለትና በፌሮው መሃል እንዲገባለት ውሃ መጨመር ይወዳል። ለአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ቢገባ ምጣኔው 0.5 ነው። አምስት ሊትር ሲጨመርበት 0.6 ይሆናል፤ ጥንካሬውም በግልጽ ይወርዳል። ትርፉ ውሃ ሲደርቅ ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራላ! ፕላስቲሳይዘር የሚባለው ኬሚካል የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። የተጓጎሉትን የሲሚንቶ ቅንጣቶች ስለሚበትን አርማታው በትንሽ ውሃ ይለሰልሳል። በአሜሪካው መስፈርት፣ በኤ ኤስ ቲ ኤም ሲ 494፣ ተራው ቢያንስ 5 በመቶ፣ ጠንከር ያለው ሱፐር ፕላስቲሳይዘር ደግሞ ቢያንስ 12 በመቶ ውሃ መቀነስ አለበት። እንግዲህ ኬሚካሉ ገብቶ ውሃው እንደ ድሮው ከሆነ፣ የላኩት ገንዘብ ለጥንካሬው ምንም አልፈየደም።

ሌሎቹ ሥራቸው ሌላ ነው። ሙቀት ሲበረታ ወይም አርማታው በመኪና ከሩቅ ሲመጣ፣ ቶሎ እንዳይዝ ማዘግያ ይገባል። (ስኳርም ያዘገያል። ትንሽ ስኳር ሲሚንቶን አላስይዝ ስለሚል የስኳር በርሜል ለውሃ አይሁን።) ብርድ ሲሆን ማፋጠኛ ይገባል። እሱን ግን ጠንቀቅ ይበሉ፤ ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ከሆነ ፌሮውን ያዝገዋል። ፌሮ ላለበት አርማታ «ክሎራይድ የሌለበት» የሚል ጽሑፍ ካላዩ አይፍቀዱ። ውሃ አላስገባ የሚለው ደግሞ ለምድር ቤትና ለውሃ ታንከር ይጠቅማል፤ የተሰነጠቀውን ግን አይደፍንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የኬሚካሉ መጠን የሚለካው በሲሚንቶው ክብደት ነው። አምራቹ 1 በመቶ ካለ ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ግማሽ ኪሎ ነው፤ ለ200 ከረጢት 100 ኪሎ። 300 ኪሎ ተገዛ ከተባሉ ይጠይቁ። የአውሮፓው መስፈርት፣ ኢ ኤን 934፣ ከ5 በመቶ በላይ አይፈቅድም። በዛ ማለት በረታ ማለት አይደለም፤ ሱፐር ፕላስቲሳይዘር ሲበዛ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ማዘግያ ሲበዛ አርማታው ሳይዝ ይውላል።

ከመክፈልዎ በፊት የዕቃውን መለያና ጊዜ የሚያልፍበትን ቀን ፎቶ ያስልኩ። የአምራቹን የአጠቃቀም ወረቀትም ይጠይቁ፤ መጠኑም፣ መቼ እንደሚጨመርም እዚያ ላይ አለ። በሙሌቱ ቀን የስላምፕ ቴስቱ፣ ማለትም የአርማታው መላላት የሚለካበት ሙከራ፣ በቪዲዮ ይቀረጽ፤ መለኪያው ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ቆርቆሮ ነው፣ ሲነሳ አርማታው ስንት እንደወረደ ይለካል። ኪዩብም፣ ማለትም ጥንካሬው የሚፈተንበት የአርማታ ናሙና፣ ይወሰድ። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲሰበር ውጤቱ ከላብራቶሪው በቀጥታ ለእርስዎ ኢሜይል ይደረግ እንጂ በኮንትራክተሩ እጅ አይዙር። የሚቀጥለውን ክፍያ ከዚህ ውጤት ጋር ቢያስሩት ሁሉም ሰው ቀኑን ያስታውሳል።

በማግስቱም ይደውሉና ሶሌታውን ያሳዩኝ ይበሉ። ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ መሆን አለበት። ደርቆ ካዩት ያኔውኑ ውሃ ያስጠጡት።