የምግብ ቧንቧ የብርሃን ሕክምና ሲታዘዝ ልብን እንዴት መጠበቅ ይቻላል

ለዓመታት የቆየ ቃር የምግብ ቧንቧን ሽፋን ሲለውጠው ሐኪሞች ባሬት ይሉታል። ወደ ካንሰር እያመራ መሆኑ በናሙና ከታየ፣ የብርሃን ሕክምና አንዱ አማራጭ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ በሙቀት ማቃጠል ተተክቷል፤ ቢሆንም ውጭ አገር ታክሞ ጎንደር የሚገባ ሰው ጥንቃቄውን ይዞ መምጣት አለበት።

ፖርፊመር ሶዲየም የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ከ40 እስከ 50 ሰዓት በኋላ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ቀይ ብርሃን ይበራበታል፤ ብርሃኑ መድኃኒቱን ቀስቅሶ የተበላሸውን ሽፋን ያጠፋል። የምግብ ቧንቧ የሚያልፈው ከልብ ግራ የላይኛ ክፍል ጀርባ ተጠግቶ ነው። ከሕክምናው በኋላ የደረት ሕመም፣ በሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠር፣ አንዳንዴም የልብ ምት መዛባት የሚያጋጥመው ሰው አለ።

መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሡ። በልጅነት የቶንሲል ሕመም ጦስ የልብ ቫልቭዎ ከተጎዳ፣ ያ የልብ ግራ የላይኛ ክፍል ሰፍቶ ሊሆን ስለሚችል ኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) ይጠይቁ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ። ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክም ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋሉ። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

የልብ ምት መቁጠርን ከሕክምናው በፊት ይልመዱ። ሁለት ጣትዎን ከአውራ ጣት በታች አንጓዎ ላይ አሳርፈው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ መዛባቱ በ15 ሰከንድ ላይያዝ ይችላል።

መዋጥ ሲያም ሰው ውሃ ይተዋል፤ የውሃና የጨው ማነስ ደግሞ የልብ ምትን ያውካል። ለብ ያለ ቀጭን አጥሚት ቶሎ ቶሎ ፉት ይበሉ። በርበሬና አረቄ ይቆዩ።

መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥ ስለሚቆይ ቢያንስ ለ30 ቀን ከፀሐይ ይራቁ። የፀሐይ ቅባት እዚህ ላይ አያድንም፤ የሚያቃጥለው የሚታየው ብርሃን ራሱ ነውና። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋም አትምርም፤ በዚህ መሃል ጥምቀት ቢውል ፋሲለደስ መዋኛ መውረዱ ይቅርብዎ። ጨለማ ክፍል ውስጥ መዘጋት ግን ስህተት ነው፤ የተለመደው የቤት መብራት መድኃኒቱ ከቆዳ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ይረዳል።

ከሁሉ የምፈራው ፀሐይን ፈርቶ ሕመምን ማስታመም ነው። ደረትዎን ጨምድዶ ከያዘዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ላብ ካጠመቀዎት ወይም ምትዎ ከተዘበራረቀ እኩለ ቀንም ቢሆን እስኪመሽ አይጠብቁ። ነጠላ ስስ ነው፤ ጋቢ ተከናንበው፣ ጓንትና ጥቁር መነጽር አድርገው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የመድኃኒቱን ስምና የተሰጠበትን ቀን የያዘውን ወረቀት ገና በር ላይ ያሳዩ፤ ኃይለኛ የምርመራ መብራት በቅርብ እንዳይበራብዎ።