አይሲዩ በር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች፦ ከባድ የቫይረስ ሕመምና የደም መርጋት

ድሬዳዋ ላይ ሰው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሲገባ ብቻውን አይገባም። በሩ ላይ እህት አለች፣ አጎት አለ፣ የሰፈር ሰው አለ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሐረር የወረደ ዘመድ አለ። ሁሉም አንድ ነገር ላድርግ ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሕመምተኛውን ያስገባው እንደ ኮቪድ ያለ ከባድ የቫይረስ ሕመም ከሆነ ነገሩ ስስ ነው። ደሙ ያለቦታው ይረጋል። እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ሊያደማ ይችላል። አስታማሚ በደግ ልብ የሚያደርገው ነገር ከሁለቱ አንዱን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለሐኪም ሳይሆን ለአስታማሚ ነው።

«የታመመው ሳንባው ነው፤ እግሩ ምን አገባው?»

ያገባዋል። ቫይረሱ ሳንባ ላይ ቢጀምርም ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ እዚያ አይቆምም። የደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፣ ይጎዳል። ደሙ ራሱ ለመርጋት የፈጠነ ይሆናል። በዚያ ላይ ሰውየው ቀናት ሙሉ ተኝቷል። የባቱ ጡንቻ ስለማይሠራ ደሙ ወደ ልብ ለመመለስ ይዘገያል። የተጎዳ ግድግዳ፣ የዘገየ ፍሰት፣ የተለወጠ ደም፦ እነዚህ ሦስት ምክንያቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ ሐኪም በሩዶልፍ ቪርኾ ስም ይጠራሉ። አይሲዩ የተኛ የኮቪድ ሕመምተኛ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ተሸክሟል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሆላንድ ውስጥ በሦስት ሆስፒታሎች አይሲዩ የተኙ 184 የኮቪድ ሕመምተኞች ተጠንተው ነበር። ሁሉም የመርጋት መከላከያ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ያም ሆኖ 31 በመቶ ያህሉ ላይ ከመርጋት ጋር የተያያዘ ችግር ደረሰ። አብዛኛው ሳንባ ውስጥ የተገኘ የረጋ ደም ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ደም መጀመሪያ እግር ላይ ረግቶ ተነቅሎ የሚሄድ ነው፤ ኮቪድ ላይ ግን እዚያው ሳንባው ውስጥም ይረጋል።

እዚህ ላይ አስታማሚ ትልቅ ጥቅም አለው። የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው «ባቴን አመመኝ» አይልም። ነርሷ ደግሞ ሌሎች አልጋዎችም አሉባት። የእናንተን ሰው እግር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱ እግር ከሌላው ከወፈረ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ «ሲስተር፣ ይሄኛው እግሩ ትናንት እንዲህ አልነበረም» በሉ። ድንገት የባሰ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ካያችሁ ግን የሐኪሞችን ዙር አትጠብቁ። ወዲያው ተናገሩ።

ያበጠ እግር ማሸት

ይሄ የእኛው ነው። ሰው ተኝቶ እግሩ ሲያብጥ እናት ዝም ብላ አታይም። ቅባት ታወጣለች። አንዳንዴም «ወጌሻ ይምጣልን» ይባላል። ወለም ያለውን እግር ማሸት አንድ ነገር ነው። በረጋ ደም ያበጠን እግር ማሸት ግን የረጋውን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው።

ስለዚህ በአንድ በኩል ያበጠን እግር አታሹ፣ በጨርቅ አትጠፍሩ። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አልትራሳውንድ ካለ በቶሎ ይለያል። እግሩ ደህና ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ ግን ቁርጭምጭሚቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ሲነቃም ራሱ እንዲያንቀሳቅስ ማበረታታት ይጠቅማል። እንዴት እንደሚደረግ ነርሷን ጠይቁ። እጃችሁ ሥራ ካጣ ይሄ ጥሩ ሥራ ነው።

«መድኃኒቱ ይጨመርለት»

ወረርሽኙ ሲጀምር ሐኪሞችም ይህን አስበዋል። መርጋቱ ይህን ያህል ከበዛ መጠኑን ከፍ እናድርግ ተባለ። ተሞከረ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የወጣ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት በጠና የታመሙ 1,100 ያህል ሰዎችን ተከታትሏል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪን በሙሉ የሕክምና መጠን ያገኙት ከተለመደው የመከላከያ መጠን የተሻለ አልዳኑም። ከባድ መድማት ግን 3.8 በመቶ ሆነ፤ በሌላው ወገን 2.3 በመቶ ነበር። የሚገርመው፣ ሆስፒታል ተኝተው አይሲዩ ያልደረሱት ላይ ከፍ ያለው መጠን ጠቅሟል። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ቫይረስ፣ ግን ጊዜው ሲያልፍ ውጤቱ ሌላ ነው። «የእገሌ አጎት ሁለት እጥፍ ተሰጥቶት ድኗል» የሚል ክርክር ይዞ ዶክተሩን መያዝ የማይረዳው ለዚህ ነው። እርግጥ የረጋ ደም እንዳለ በምርመራ ከተረጋገጠ ሙሉው መጠን ይሰጣል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሆዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት አይተው «መርፌው ይቁም» የሚሉ አሉ። የመከላከያ መርፌ ከሆድ ቆዳ ሥር ስለሚወጋ ትንሽ መበለዝ የተለመደ ነው። አሳዩ፣ ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታስቆሙ።

ከውጭ ሲገዛ

መድኃኒቱ ጠፍቶ ማዘዣ ይዞ ከከዚራ እስከ ሳቢያን መድኃኒት ቤት ማዳረስ ለብዙ ቤተሰብ አዲስ አይደለም። ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ዘመዳሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። ሄፓሪን በዩኒት፣ ኢኖክሳፓሪን በሚሊግራም ይለካል። ክሌክሴን የኢኖክሳፓሪን የንግድ ስም ነው። 40 ተጽፎ 80 ብቻ ከተገኘ «ያው ነው» ብሎ መግዛት የለም። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ደውሉ። ኢኖክሳፓሪን ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ መቀመጥ የለበትም፣ በረዶ መሆንም የለበትም። የድሬን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ሰው መርፌውን ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቶ ሌላ ጉዳይ አይጨርስም።

ዲ-ዳይመርን እንደ ፍርድ ማየት

ቁጥሩ ከፍ አለ ተብሎ ቤተሰብ ሲያለቅስ ይታያል። ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲፈርስ የሚወጣ፣ በደም ምርመራ የሚለካ ቁርጥራጭ ነው። በኢንፌክሽን፣ በእርግዝና፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በዕድሜ መግፋትም ይጨምራል። ብቻውን ደም ረግቷል ወይም አልረጋም አይልም።

ለትኩሳት ሁሉ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ ሌላ ቦታ አይደለችም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የተነሳው እዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉኒያ ከተማውን አልጋ ላይ ጣለው። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነክስ፣ በበርሜልና በባልዲ ውኃ የምትራባ ትንኝ ናት።

ኮቪድ ከወጣ በኋላ «ደም እንዳይረጋ» እያሉ አስፕሪን ቤት ውስጥ መዋጥ ተለመደ። ደንጊ ግን ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የደም ክፍል) ያወርዳል፣ ሲጠና ያደማል። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ የዲክሎፌናክ መርፌም መድማቱን ያባብሳሉ። አንዱ ቫይረስ ወደ መርጋት፣ ሌላው ወደ መድማት ይጎትታል፤ ሁለቱም ግን የሚጀምሩት በትኩሳትና በቁርጥማት ነው። ሳይመረመር በምን ይለያል? በግምት አይለይም። ምርመራው እስኪመጣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል፤ ፈሳሽም በብዛት።

ለኮቪዱ እንኳ አስፕሪን የታሰበውን ያህል አልሠራም። ብሪታንያ የመራችው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት 15,000 የሚጠጉ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ተከታትሎ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት በሁለቱም ወገን 17 በመቶ ሆነው አግኝቷል። ለልብ ሕመም ወይም ለስትሮክ ታዞለት ድሮም የሚወስድ ሰው በራሱ ያቁም ማለቴ ግን አይደለም።

የተወሰደውን መደበቅ

ሕመምተኛው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት መርፌ ከተወጋ፣ አስፕሪን ከዋጠ፣ የባህል መድኃኒት ወይም በብዛት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከወሰደ ንገሩ። ማንም አይቆጣችሁም። ቢቆጣም ይቆጣ። ደም ማቅጠኛ ላይ ያለ ሰው ጡንቻው ላይ መርፌ ቢወጋ ውስጡ ደም ሊቋጥር ስለሚችል «አንድ የሕመም መርፌ ብቻ» የሚባለውም በሐኪሙ ፈቃድ ነው።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

ከአይሲዩ ወጥቶ ቤት የገባ ሰው የመርጋት አደጋው በአንድ ቀን አይጠፋም። ጠያቂ ይበዛል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ በርጫ ይጀመራል። እግር አጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ፣ በዚያ ሙቀት ውኃ አለመጠጣት፣ ልብ የሚያስሮጥ ጫት፦ ሦስቱም ለዚህ ሰው አይሆኑም። በየጊዜው ተነስቶ ግቢ ውስጥ ይመላለስ። ጠያቂ ቅር ቢለው ይለፈው።

ደም ማቅጠኛ ይዞ የወጣ እንደሆነ እስከ መቼ እንደሚወስድ ከመውጣቱ በፊት ጠይቁ፤ ለሁሉም አይታዘዝም፣ ዕድሜ ልክም የሚቀጥለው ለጥቂቱ ነው። ዋርፋሪን ከሆነ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ቀጠሮ አይዘለል። ጎመን መከልከል አያስፈልግም፤ አንድ ሳምንት ጥሎ ሌላ ሳምንት በየቀኑ መብላቱ ነው ምርመራውን የሚያዛባው። ሪቫሮክሳባን ከሆነ 15ና 20 ሚሊግራሙ ከምግብ ጋር ይዋጣል። ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲቀርብ ሰዓቱን ቀድማችሁ ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ሰገራው ከጠቆረ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ደምቶ አልቆም ካለ፣ ከወደቀ በኋላ ወይም ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘው የሚቀጥለውን ኪኒን ከመስጠታችሁ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን።