ተመልካቹን ለሁለት በከፈለ የብራዚል ፊልም ላይ ውይይት እንዴት ይመራል?

«የእግዚአብሔር ከተማ» የተሰኘው የብራዚል ፊልም እ.ኤ.አ. በ2002 ለእይታ ከበቃበት ጊዜ ጀምሮ ተመልካቾቹን ለሁለት ሲከፍል ኖሯል። አንዱ ወገን የከተማን ድህነት ያለ ይሉኝታ ያሳየ ታላቅ ሥራ ነው ሲል ያደንቀዋል፤ ሌላው ደግሞ የድሆችን ስቃይ ለመዝናኛ ያቀረበ ነው ሲል ያወግዘዋል። ከፊልሙ በኋላ ውይይት የሚመራ ሰው ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ከተጣደፈ ክርክሩ ቶሎ ይበርዳል፤ ማንም ግን ከመጣበት አሳብ ፈቀቅ ሳይል ይበተናል። ድህነት በፊልም እንዴት ይታይ የሚለው ጥያቄ ብራዚላውያን ራሳቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተሟገቱበት ስለሆነ፣ ከመሪው የሚጠበቀው እያንዳንዱ ተናጋሪ ስለ ፊልሙ እውነተኛነት፣ ስለ አቀራረቡ ወይስ ስለ ተጠቃሚዎቹ እየተናገረ እንደሆነ ለይቶ እንዲያውቅ መርዳት ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲደባለቁ ሰዎች እርስ በርስ ሳይደማመጡ ይጯጯኻሉ። ቀጥሎ ያሉት ምክሮች እንዲህ ያለውን ውይይት ለሚያዘጋጅ ሰው የተጻፉ ሲሆኑ፣ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከማሳየትዎ በፊት

በመጀመሪያ ፊልሙ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ከባድ ጭካኔ እንደሚያሳይ ለተመልካቾቹ በግልጽ ይንገሩ፤ ሳያውቅ የተደናገጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሚወያየው ስለ ድንጋጤው ብቻ ነው።

ቀጥለው ስለ ቦታው ጥቂት ደቂቃ ይናገሩ። ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1888 ሲሆን፣ ነፃ ለወጡት ሰዎች መሬትም ሆነ መኖሪያ አልተሰጣቸውም። በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ኮረብታዎች ላይ ፋቬላ የሚባሉት የድሆች መንደሮች የተስፋፉት በእነዚህ ሰዎችና ሥራ ፍለጋ ከገጠር በፈለሱት እጅ ነው። ፊልሙ ስሙን የወሰደበት ሰፈር ግን በነዋሪዎች ሳይሆን በመንግሥት የተሠራ ነው፤ በ1960ዎቹ የከተማዋ አስተዳደር ከፋቬላዎች ያስነሣቸውንና በ1966ቱ ጎርፍ ቤታቸውን ያጡትን ሰዎች ከመሀል ከተማው ርቆ በስተምዕራብ አሰፈራቸው። ስለዚህ ተመልካቹ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች የሚያያቸው ተመሳሳይ ትንንሽ ቤቶችና አቧራማ መንገዶች የአንድ የመንግሥት ውሳኔ ውጤት መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በ2022 የተካሄደው የብራዚል የሕዝብ ቆጠራ በፋቬላዎችና መሰል የከተማ ሰፈሮች የሚኖሩትን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድርጎ መዝግቧቸዋል፤ ይህም ከመቶ ብራዚላውያን ስምንቱ ማለት ነው። ይህን ቁጥር መናገር የሚጠቅመው፣ በፊልሙ ውስጥ መሣሪያ የያዙት ጥቂት ወጣቶች ከቤት ሠራተኞች፣ ከግንበኞችና ከሾፌሮች ብዛት አንጻር ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ስለሚያስታውስ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ፊልሙ እንዳለቀ «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሰውን ወዲያውኑ ጎራ ያስይዘዋል፤ አንዴ ጎራ የያዘ ሰው ደግሞ የተናገረውን ለመከላከል ሲል ያየውን ይረሳል። በዚህ ፈንታ እያንዳንዱ ሰው ከአእምሮው ያልወጣውን አንድ ትዕይንት መርጦ፣ ምንም ፍርድ ሳይጨምር፣ ያየውንና የሰማውን ብቻ እንዲተርክ ያድርጉ። ቁጣም ሆነ አድናቆት ሁልጊዜ በአንድ በተወሰነ ምስል ላይ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ምስሉ ሲታወቅ ክርክሩ መልክ ይይዛል።

እውነት ነው ወይ?

ፊልሙን የሚደግፉት ብዙውን ጊዜ «ይህ በእውነት የሆነ ነው» በማለት ይጀምራሉ፤ ጠንካራ መሠረትም አላቸው። ፊልሙ የተመሠረተው ፓውሉ ሊንስ በ1997 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ሲሆን፣ ደራሲው ያደገው በዚያው ሰፈር ነው፤ ስለ ወንጀል ታጠና የነበረች አንዲት የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪንም በረዳትነት አገልግሏል። ዋናው አዘጋጅ ፈርናንዱ ሜይሬሌስና አብራው የሠራችው ካቲያ ሉንድ ለአብዛኞቹ ሚናዎች የመረጡት ከፋቬላዎች የመጡ ወጣቶችን ነው፤ ወጣቶቹ ለወራት ሠልጥነው ከንግግሩ ብዙውን በራሳቸው አነጋገር ፈጥረውታል።

ይሁን እንጂ የድርጊቶቹ እውነተኛነት የሰፈሩን እውነት በሙሉ አይሸፍንም። በዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገው የራፕ ሙዚቀኛ ኤም ቪ ቢል፣ ፊልሙ ለነዋሪዎቹ ምንም ሳያስገኝላቸው መጥፎ ስም እንዳተረፈላቸው በ2003 በአደባባይ ተቃውሟል። ይህን ተቃውሞ የሚያቀርብ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ከሌለ መሪው ራሱ ሊያቀርበው ይገባል። ስለ ድሆች በሚደረግ ውይይት ድሆቹ ሳይኖሩ መወያየት የተለመደ ስለሆነ፣ ለሌሉት ሰዎች ቃል ቦታ መስጠት ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር ነው።

ውበቱ ያስቆጣል

ሁለተኛውን፣ ማለትም የአቀራረቡን ጥያቄ በቂ ጊዜ ይስጡት። የብራዚል ፊልም ሠሪ ግላውበር ሮሻ በ1965 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የረሃብተኞች አገር ፊልም ራሱ የሻከረ፣ ተመልካቹን የማያስደስትና የማያስመች መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። ይህን አሳብ መነሻ ያደረገችው ሐያሲ ኢቫና ቤንቴስ ከ2001 ጀምሮ በጻፈችው ሂስ፣ አዲሶቹ ፊልሞች ረሃብን ኳኩለው ለገበያ አቅርበዋል ስትል ወቀሰች። በአዳራሽዎ ውስጥ አንድ ሰው «በጣም ስላማረ ነው ያስጠላኝ» ቢል፣ ሳያውቀው የዚህን ክርክር ዋና ነጥብ ነክቷልና እንዲያብራራ ዕድል ይስጡት።

በዚህ ላይ ከንግግር ይልቅ ሙከራ ይረዳል። የተሳለ ቢላዋ፣ የሳምባ ሙዚቃና ከመታረድ ያመለጠች ዶሮን የሚያሳየውን መክፈቻ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው፣ ከዚያም ከነድምፁ ያሳዩ። ተመልካቾቹ የሙዚቃውና የምስሎቹ ፍጥነት ምን ያህል እንዳስፈነጠዛቸው በራሳቸው ላይ ያዩታል። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ እግራቸውን በጥይት የሚመቱበትን ትዕይንት ያስታውሷቸው፤ እንደገና ማሳየት ግን አያስፈልግም። በዚያ ቦታ ካሜራው የሚያለቅሰውን ሕፃን ፊት በቅርበት ስለሚያሳይ ማንም አይፈነጥዝም። በእኔ አስተያየት «ድህነትን አስውቧል» የሚለው ክስ ለመክፈቻውና ለወንበዴዎቹ አነሣስ ሲስማማ ለዚህ ትዕይንት አይስማማም። ስለዚህ ፊልሙን በጅምላ የሚከስን ሰው «በየትኛው ትዕይንት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፊልሙ ፋቬላውን ከቀረው ከተማ ነጥሎ፣ ዓመፁ ከውስጡ ብቻ የበቀለ አስመስሎታል የሚል ወቀሳም ይነሣል። ይህንንም ከትዕይንቶቹ ጋር ያመሳክሩት። ፖሊሶች ለወንበዴዎቹ መሣሪያ ሲያቀርቡና ገንዘብ ሲቀበሉ በግልጽ ይታያል፤ ከፖሊሶቹ በላይ ያለው ግን አይታይም። እኔ ወቀሳውን በአብዛኛው እቀበለዋለሁ፤ ፖሊሶቹን ረስቶ የሚያቀርበውን ሰው ግን አርመዋለሁ።

ተመልካቹ ለጭካኔ ቢያጨበጭብስ?

ይህ በ2007 በወጣው የዦዜ ፓዲሊያ ፊልም «ትሮፓ ዲ ኤሊቲ» ላይ በእርግጥ የሆነ ነው። ገና በሲኒማ ቤት ሳይታይ ሕገ ወጥ ቅጂው በየመንገዱ ተሸጠ፤ ብዙ ተመልካችም ተጠርጣሪዎችን በፕላስቲክ ከረጢት እያፈነ የሚያሠቃየውን የልዩ ኃይል መኮንን እንደ ጀግና አየው። አንዳንድ ሐያስያን ፊልሙን ፋሺስታዊ ሲሉት፣ የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል በ2008 የወርቅ ድብ ሸለመው። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሲገጥምዎ ሰዎቹን አይገሥጹ፤ ታሪኩን የሚተርከው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በዚያ ፊልም ተራኪው መኮንኑ ራሱ ነው፤ በ«የእግዚአብሔር ከተማ» ደግሞ ፎቶ አንሺ ለመሆን የሚመኘው ቡስካፔ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ሰው ድምፅ የተመራ ተመልካች ለዚያ ሰው ማዘኑ የሚጠበቅ ነው፤ ይህን ሲገነዘብ ጭብጨባውን ራሱ ይመረምራል።

የተጠቀመው ማን ነው?

ፊልሙ ራሱ ይህን ጥያቄ በመጨረሻው ላይ አንሥቶታል። ቡስካፔ በእጁ ሁለት ፎቶዎች አሉት፤ አንዱ ፖሊሶች ጉቦ ሲቀበሉ፣ ሌላው የወንበዴው የዜ ፔኬኑ አስከሬን። ለጋዜጣው የሚሰጠው የአስከሬኑን ነው፤ ሥራም ያገኝበታል። ተወያዮቹ ይህን ምርጫ እንዲፈርዱ፣ ከዚያም ያንኑ ፍርድ በፊልሙ ሠሪዎች ላይ እንዲሞክሩት ያድርጉ። ብዙ የከረሩ ተከራካሪዎች አሳባቸውን የሚያለዝቡት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ ለማሳየት የፈርናንዱ ራሙስ ዳ ሲልቫን ታሪክ ይንገሩ። በሳኦ ፓውሎ አቅራቢያ በድህነት ያደገው ይህ ልጅ፣ ገና በለጋ ዕድሜው በኤክቶር ባቤንኮ «ፒሾቺ» ፊልም ላይ ጎዳና ተዳዳሪ ሕፃን ሆኖ በመተወን በዓለም ዙሪያ ተደነቀ። በትወናው ግን ሊገፋበት አልቻለም፤ በ1987 በ19 ዓመቱ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። በአንጻሩ «የእግዚአብሔር ከተማ» ተዋናዮችን ለማግኘት የተጀመረው ሥልጠና ከቀረጻው በኋላ ሲኒማ ኖሱ የተባለ የወጣቶች የፊልም ትምህርት ተቋም ሆኖ ቀጥሏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ «ፊልም ሠሪ ለድሃ ተዋናዩ ምን ዕዳ አለበት?» የሚለውን ጥያቄ ተጨባጭ ያደርገዋል።

በመጨረሻ ድምፅ አያስቆጥሩ። ሌላ ቀን የማሳየት ዕድል ካለ «አምስት ጊዜ ፋቬላ፣ አሁን በራሳችን» የተሰኘውን የ2010 ፊልም ይምረጡ። በ1962 ከፋቬላ ውጭ ያደጉ ወጣት ፊልም ሠሪዎች ስለ ፋቬላ አምስት አጫጭር ታሪኮችን ቀርጸው ነበር፤ የ2010ሩን ግን የጻፉትና ያዘጋጁት ከፋቬላዎቹ የወጡ ወጣቶች ናቸው። ስለ እውነተኛነት፣ ስለ አቀራረብና ስለ ተጠቃሚዎች ያነሧቸውን ሦስት ጥያቄዎች ሳይቀይሩ ያቅርቡ፤ ተመልካቾቹ በመጀመሪያው ምሽት የተናገሩትን በማስታወሻ ይዘውላቸው ከሆነ ደግሞ ከአዲሱ መልሳቸው ጋር እንዲያነጻጽሩት ይስጧቸው።