ዩሪያው በአየር፣ ገለባው በሸክም፦ የወሎ ስንዴ አምራቾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩሪያን በዘር ዕለት መጨረስ። ከሁሉም በላይ ኪስ የሚጎዳው ይህ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ይይዛል፤ ያልበቀለ ዘር ግን የሚስብበት ሥር የለውም። በጃማና በወረኢሉ ዋልካ (ውኃ የሚያቁር ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ የሐምሌ ውኃ ሲተኛ ናይትሮጂኑ ጋዝ ሆኖ ይበናል፤ በተዳፋት ማሳ ደግሞ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ደግሞ ስንዴው ከሥሩ ተጨማሪ ቡቃያ ሲያወጣ፣ ማለትም ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ መስጠት ይሻላል። አስቀድሞ ይታረም፤ ባልታረመ ማሳ ላይ ዩሪያ መበተን ስናር መቀለብ ነው። ዋልካው ደግሞ ውኃው በቦይ ካልተጠነፈፈለት ከፋፍሎ መስጠቱም ብዙ አይረዳም።

ቀኑን ጠብቆ ሰዓቱን መሳት። ጤዛ ሳይረግፍ የተበተነ ዩሪያ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይሟሟና ጫፉን ያቃጥለዋል። ዝናብ ሳይከተል ፀሐይ ከበረታም አሞኒያ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ቅጠሉ የደረቀበት፣ አፈሩ የረጠበበት፣ ቀለል ያለ ዝናብ የሚጠበቅበት ሰዓት ይመረጥ።

ኤንፒኤስን (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበትን ማዳበሪያ) ማዘግየት። ፎስፈረስ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም። በዘር ጊዜ በመስመር ካልገባ፣ ዘግይቶ ከላይ ቢበተን ሥሩ አይደርስበትም።

ገለባውን ሙልጭ አድርጎ ማንሣት። «ሁሉንም ማሳው ላይ ተዉት» ማለት ቀላል ነው፤ በግንቦት ለላሙ ምን እንደሚያቀርብ የማይጨነቅ ሰው ምክር ነው። ገለባ ለከብት፣ ለጭቃ ቤት ምርጊት፣ ለገበያም ይፈለጋል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። የሚቻለው ግን አለ፦ ማጭዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ማድረግ። በበረት ወለል ላይ ከብቱ የረገጠውን፣ ሽንት የጠጣውን የገለባ ትራፊ ደግሞ ከደጅ ከመጣል ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መውሰድ። በዚያ እርጥብ ትራፊ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን አይናቅም፤ ጉድጓዱ ካልተሸፈነ ግን እሱም ይበናል።

ደረቅ ገለባ በሰኔ ቀብሮ ወዲያው መዝራት። ገለባውን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕዋሳት የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማሉ፤ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፤ ሐሜቱ በዘሩ ላይ ይወድቃል። የበልግ ዝናብ እንደጣለ መገልበጥ እስከ ሰኔ ለመበስበስ ጊዜ ይሰጠዋል። በልጉ ከቀረ ገለባውን ወደ ኮምፖስቱ መውሰድ ይመረጣል።

ገለባውን ማቃጠል። «ዋግን ይገድላል» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ የሚከርመው በሕይወት ባለ ተክል ላይ በመሆኑ ከአጨዳ በኋላ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ መንቀል ይበልጥ ይጠቅማል። እሳቱ ናይትሮጂኑንና ከድኙም የተወሰነውን በጢስ ይሸኛቸዋል፤ ድኙ ደግሞ በኤንፒኤስ ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ነው። በገለባ ላይ የሚከርም የቅጠል በሽታ ካስቸገረ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ማሳ ባቄላ ወይም ምስር መዝራት ይቻላል።