«1 ለ 9» ከየት መጣ? የበረኪና ፐርሰንት አጠቃቀም

በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት ነበረች። «1 ጆግ በረኪና፣ 9 ጆግ ውሃ» ትላለች። ማን እንደጻፋት አይታወቅም። እኔ ስቀጠር ነበረች፤ ፕላስተሯ ራሱ ቢጫ ሆኗል። ለዓመታት በእሷ ስንበጠብጥ ኖርን።

አንድ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችን ጠርሙስ ይዘው መጡ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

«ሲስተር፣ ይቺ 5 ትል አልነበር? አሁን 3.5 ትላለች።»

እውነታቸውን ነው። የሚመጣልን በረኪና ተቀይሯል። እኛ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በድሮው ወረቀት ነው የበጠበጥነው። አፈርኩ። ጠርሙሱን ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ፐርሰንቷን እንያት። 5% ሲባል በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ያህል ጀርም የሚገድል ክሎሪን አለ ማለት ነው። በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም መሆኑ ነው። ደም ለነካው ነገር የምንፈልገው ደግሞ 0.5% ነው፤ በሊትር 5 ግራም። ስለዚህ ያ 50 ግራም 10 ሊትር ላይ መበተን አለበት። ከ10ሩ አንዱ ሊትር ራሱ በረኪናው ነው። የሚጨመረው ውሃ 9 ሊትር ብቻ። የወረቀቷ ምስጢር ይኸው ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። የጠርሙሱን ቁጥር ለምትፈልጉት ቁጥር አካፍሉ፣ ከዚያ 1 ቀንሱ። 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፤ 1 ሲቀነስ 9። የእኛው 3.5 ለ0.5 ሲካፈል 7፤ 1 ሲቀነስ 6። እኛ በ9 ስንበጠብጥ የነበረው 0.35% ብቻ ወጥቶታል። ሰው በብዛት የሚረሳው ያቺን 1 መቀነስ ነው።

ለወለልና ለጠረጴዛ 0.1% ሲፈለግ፣ በባለ 5% በረኪና ስሌቱ 1 ለ 49 ይሆናል። እማማ ሳቁብኝ፤ «49 ጆግ የቱ ባልዲ ይችለዋል?» አሉ። ልክ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ከባልዲው ተነሱ፦ 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5% በረኪና አድርጉና እስከ 10 ሊትር በውሃ ሙሉት።

ዱቄት ክሎሪን ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የምትፈልጉትን ለዱቄቱ ፐርሰንት አካፍላችሁ በ1000 አባዙ። ባለ 70% ዱቄት ለ0.5% በሊትር 7 ግራም ገደማ ይወስዳል። አንዳንድ መመሪያ ላይ ደግሞ «5000 ፒፒኤም» (ከሚሊዮን ክፍል 5000 ማለት ነው) ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ 1% ማለት 10,000 ፒፒኤም ስለሆነ ያው 0.5% ነው።

ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የተበጠበጠው ለዚያው ቀን ነው። ፀሐይ ያደክመዋል፣ ደምና ቆሻሻም ይበላዋል። ጠርሙሱም ራሱ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ስለሚደክም የተመረተበትን ቀን እዩ።

አሮጌዋን ወረቀት ቀደድኳት። አዲሷ «1 ጆግ በረኪና፣ ___ ጆግ ውሃ» ትላለች። ባዶውን ቦታ በፕላስቲክ ሸፈንነው፣ እማማ ካርቶን በመጣ ቁጥር በማርከር ይሞሉታል። ትናንት የመጣው 4% ነው። ሳልነግራቸው 7 ብለው ጽፈዋል።